ከውሃ ሞተሩ አጠገብ

ለወንድሜ ለበቃሉ፤

ጉባ ያለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኔም አባባም፣ እግዜር ይመስገን፣ አለን።

ስንጠብቀው የኖርነው ስሪ ፌዝ መብራት ማክሰኞ ለውሃ ሞተሩ ገባልን። መጀመሪያ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ውሃ አልሰጥ ብሎ ነበር፤ ባለሙያው ዐወድ ከሦስቱ የመብራት ገመዶች ሁለቱን ሲያቀያይራቸው ውሃው ማንጎዎቹ ድረስ ሄደ። እኛ ስንደሰት አባባ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ፣ «ዝም በሉ፣ ሚስቴ እየተናገረች ነው» አለ።

ዐወድ፣ «አባቴ፣ የሞተር ድምፅ ነው እኮ» ብሎ አጠፋው። አባባ ግን ማዳመጡን ቀጠለ፤ ደግሞም «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ መለሰ። እማዬን ከቀበርን ሁለት ዓመት እንዳለፈን ለዐወድ አልነገርኩትም።

አባባ አሁን ቁርሱን እዚያው ነው የሚበላው፤ ለሁለት ሰው ነው የሚያስቀርበኝ። ትናንት ሞተሩ ውሃ የሚስብበትን ጉድጓድ ክዳን ከፍቶ ስላገኘሁት ቁልፍ አስገጠምኩበት። ጥጆቹ እንዳይገቡ ብዬ ነው። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ዝም ባለበት፣ አባባ እጄን ይዞ፣ «አንቺንም እየጠራችሽ ነው፣ ጆሮሽን ቧንቧው ላይ አድርጊ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ግን አላደረግኩም።

ፈቃድ ከሰጡህ መስቀልን ሳትጠብቅ ብቅ በል። ደህና ሰንብትልኝ።

እህትህ መነን
ከባምባሲ