የሩት ክንድ

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። አምስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ሦስቱንም ጀሪካን ሞላሁ፣ አንሶላ አጠብኩ። ከአንሶላው ጋር የልጄ የሩት ቀሚስ ተጠቅልሎ ኖሮ እሱንም ከነጠረኗ አጥቤው አረፍኩ። አሰጣሁት። ምን ላድርገው ታዲያ?

ሮማን ምሳ ይዛ መጣች። ጎረቤቴ ናት፤ ከለቅሶው ወዲህ አንድ ቀን አልቀረችም። ጾም ስለገባ ሽሮና ጎመን። "እትዬ ሙሉ፣ ካልበሉ እንደ ልጆቼ አፍንጫዎን ይዤ ነው የማጎርስዎት" አለችኝ። በላሁ።

የልጄ አርባ ከወጣ አራት ቀን ሆነ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ሕፃኑም አብሯት ሄደ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ደረሰ ከሥራ ሲወጣ ብቅ አለ። የሩት ባል። መናኸሪያ ጋ መለዋወጫ ይሸጣል፤ እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ግሪስ ይላል። ከስቷል። አሁንም እናቴ ይለኛል።

"እናቴ፣ ማመልከቻዬን ተቀብለውኛል። ታኅሣሥ 9 ጤና ጣቢያው ስብሰባ አለ። ነርሷ ሲስተር አባይነሽም ትቀርባለች። እርስዎ መጥተው መናገር አለብዎት።"

"ምን ልናገር?"

"ድንኳን ውስጥ ያሉትን ነዋ።"

ድንኳን ውስጥ ያልኩት... የቀብሯ ዕለት ሴቶቹ ከበውኝ፣ ምን ነካት፣ ምን አገኛት ሲሉኝ፣ "ክንዷ ውስጥ ቀብረውባት የነበረው ነው! የወሊድ መከላከያው! መርዙ ልቧ ገባ!" ብዬ ጮህኩ። አፌ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ግን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ያንኑ ደገምኩት።

"ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉኝ" አለ ደረሰ። "ጤነኛ ልብ ከመሬት ተነስቶ ይታመማል? ያቺን ነርስ ከዚያ ወንበር ሳላስነሳት አልተውም።"

ቡና ላፈላለት ተነሳሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

የሴቶች ዕድር ነበር። ልቀር ነበር፣ ሮማን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሁሉም ተነስተው ሳሙኝ።

የሺ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ለአንዷ ስታወራ ሁላችንም እንሰማለን። "ሙሉዬ ባትነግረን ኖሮ ስንታችን እናልቅ ነበር! እኔስ የመውለጃ ዕድሜዬ ያለፈ ነኝ፤ እነዚህ ወጣቶቹ ናቸው።" አንዷ የሦስት ወር መርፌዋን እንደተወች ተናገረች። ሌላዋ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ልታስገባ ቀጠሮ ይዛ ሳትሄድ እንደቀረች። ሮማንም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየች። "እኔማ የለቅሶው ሳምንት ነው ያስወጣሁት። የግል ክሊኒክ ሄጄ።"

ሮማን ሁለቱንም የወለደችው በኦፕሬሽን ነው። ትንሿ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ። ሐኪሙ ልጇ ሦስት ዓመት ሳይሞላት እንዳታረግዝ ብሏት እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

እግዜር ይስጥሽ አሉኝ። እየመረቁኝ ወጡ።

ኅዳር 25

ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አልሆነልኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ይህን ማንም አያየውም። እንግዲያው ለምንድን ነው እዚህ ላይ እንኳ የምዋሸው?

ሩት ታማሚ ነበረች። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት ነበር፤ ብርድ ነው እያልኩ በዝንጅብል አሳለፍኩት። ኋላ ልቧ ላይ ወጣ። የልቧ ቫልቭ ጠቧል አሉን። በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር። አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ወረፋ አስያዟት። ሐኪሙ እኔም ባለሁበት "ይህ ሳይስተካከል እንዳታረግዝ፣ አደጋ ነው" አላት። ሰማሁ። በሁለት ጆሮዬ።

ከዚያ ነው ብቻዋን ወደ ሲስተር አባይነሽ የሄደችው። ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። ተቆጣሁ። ላላገባች ልጅ!

እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር። "እማዬ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልኝ እኮ። ያዢው፣ አገላብጪው፣ ጠይቂኝ አለችኝ። ከኪኒኑ አንዳንዱ ለልብሽ አይሆንም አለችኝ፤ የሚሆነውንም ቢሆን በየቀኑ መዋጥ እረሳዋለሁ። ሉፑን ፈራሁት። መርፌውን በየሦስት ወሩ መመላለስ ሰለቸኝ፤ የልቤ መርፌ ይበቃኛል። ይሄ ግን ለሦስት ዓመት ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩት።"

እኔ ነኝ የመረጥኩት አለች። ስታድግ ጫማ እንኳ የመረጥኩላት እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ልቀጥል።

ደረሰ ሽማግሌ ላከ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹም ሰው ናቸው። ስለ ልቧ እንዳትነግረው አደረግኳት። "ይድናል፣ ምን ያስወራል፤ ታማሚ ናት ተብሎ ቢቀርስ?" አልኳት። ልንገረው ብላ ሁለት ጊዜ አልቅሳለች።

ከዚያ የክንዷ ነገር መጣ። እንሶስላ ሲሞቅ የባሏ ወገን ሴቶች ይመጣሉ፤ እጇን ክንዷን እየዳበሱ ቅባት ይቀቧታል። ያቺ ነገር ደግሞ ከቆዳዋ ሥር በጣት ስትነካ ትታወቃለች፣ የክብሪት እንጨት የመሰለች። "ይሄ ምንድን ነው?" ቢሉስ? ድንግል አይደለችም ቢሉስ? መካን ልትሆን ነው ቢሉስ? እንቅልፍ አጣሁ።

አምና በዚሁ በታኅሣሥ ወስጄ አስወጣሁት።

ሲስተር አባይነሽ ቀይ፣ አጠር ያለች፣ ሲዳምኛ የሚቀላቅል አማርኛ ያላት ልጅ ናት። "እናቴ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን። እሷን ብቻዋን ላናግራት" አለችኝ።

"አልወጣም። እናቷ ነኝ።"

"ሩት፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

"ተነጋግረንበታል" አልኩ እኔ።

"ልቧስ እናቴ? አንቺ ሩት፣ ልብሽስ?"

"ድናለች" አልኩ አሁንም እኔ።

ሲስተር ሩትን አየቻት። ሩት መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። ከበሩ ውጭ ያለው ወረፋ እስከ ካርድ ክፍል ነበር፤ ሕፃናት ይጮሃሉ። ሲስተር ወረፋውንም አየች። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች። አስፈረመቻትና አወጣችው።

ስንወጣ ሩትን እጇን ይዛ "የማይታይ ሌላ አለ። ሉፑን አትፍሪው፣ አስረዳሻለሁ። እስከዚያው ይሄን" ብላ ኮንዶም ሰጠቻት። "ሰኞ ተመለሺ። ሳትመለሺ እንዳታገቢ።"

ኮንዶሙን መንገድ ላይ ነጥቄ ጣልኩት።

ሰኞ አልተመለሰችም። ሙሽራ ሠርጓ ሲቃረብ ከቤት አትወጣም። ፀሐይ አይመታትም፤ ትቀባለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። እኔም በሩን ዘጋሁ። ስልኳ እኔ ዘንድ ነበር። ሲስተር ደወለች።

"ሩት ናት?"

"ተሳስተሻል" ብዬ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን ደግማ ደወለች። "ተሳስተሻል አልኩሽ እኮ!"

ይኸው ጻፍኩት። መሬቱም አልተከፈተም።

ታኅሣሥ 4

ግን ሲስተር ለምን እሺ አለችኝ? የተማረች ናት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። በጥፊ ብትመታኝ ምናለ። ጥበቃ ጠርታ ብታስወጣኝ። አንዲት አሮጊት አልወጣም ስላለች... ልጄን ለእኔ ሰጠቻት? እሷንም ይቅር አልላትም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እሷን ስረግም ዋልኩ። ቀለል አለኝ። ወዲያው ከፋኝ።

ታኅሣሥ 8

ነገ ነው። ደረሰ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ያንኑ ብናገር ሲስተር ትባረራለች፣ ደረሰ እናቴ ማለቱን አይተውም። እውነቱን ብናገር...

ደረሰ ከሄደ እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ልጅ አይኖርም። ሩት ትለኝ የነበረው እማዬ ነበር።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ጠባብ ክፍል። ኃላፊው፣ ጸሐፊዋ፣ ደረሰ፣ እኔ፣ ሲስተር አባይነሽ። ነጩን ጋውን አልለበሰችም። ያለ ጋውኑ ልጅ ሆና ታየችኝ፤ ከሩት ብትበልጥ በአምስት ዓመት ነው።

ሲስተር የሩትን ካርድ አወጣች። የልብ ሕመም እንዳለባት ተጽፎበታል። ደረሰ ተነሳ። "አሁን የጻፋችሁት ነው! ሚስቴ ጤነኛ ነበረች። እናቷ እዚህ አሉ፣ ጠይቋቸው!"

ኃላፊው ወደ ሲስተር ዞረ። "ልቧን ካወቅሽ ያወጣሽው ለምንድን ነው? ካወጣሽስ በኋላ?"

"ሌላ ልሰጣት ቀጥሬያት ነበር። ቀረች። ሁለት ጊዜ ደወልኩ።"

"ማን አነሳው?"

"ሴት ናት። ተሳስተሻል አለችኝ።"

ደረሰ ሳቀ። የምሬት ሳቅ። "ትሰማላችሁ? ተሳስተሻል አለችኝ! ምስክር የሌለው ወሬ።"

ኃላፊውም ያመናት አልመሰለኝም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሲስተር እኔን አላየችኝም። ድምፄን ያወቀችው አይመስለኝም፤ ወይ አውቃው ዝም ብላ ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን አሉ?"

"ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልቧንም አውቅ ነበር። ያስወጣሁትም እኔ ነኝ። ክንዷ ውስጥ የነበረው አልገደላትም። እሱ ሲወጣ ነው..."

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች።

ደረሰ አየኝ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። "ልቧን ታውቂ ነበር?" አለኝ። አንቺ አለኝ። ከዚያ ወጣ። በባጃጅ አብረን መጥተን በእግሬ ተመለስኩ።

ሲስተር በሩ ላይ ደረሰችብኝ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፣ ሞኝ። "እናቴ፣ እኔ ነፃ አልወጣሁም" አለችኝ። "እርስዎን ማስወጣት ሥራዬ ነበር። ብቻዋን ላናግራት ይገባ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ወረፋ ነበር... እና ራሷን ነቀነቀች፣ እኔም እሺታ ነው ብዬ ያዝኩት። እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

እኔም "አዎ፣ ልታስወጪኝ ይገባ ነበር" አልኳት።

እንዲህ ተለያየን።

ታኅሣሥ 11

ደረሰ በሰው እጅ የሩትን ልብሶች ላከ። በማዳበሪያ። ቃል የለም፣ ምንም የለም። ለሲስተር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ሥራዋ ላይ ተዋት ሲሉ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ትናንት ዕድሩ ላይ ተነስቼ ነገርኳቸው። አጭር ነው ያደረግኩት። "የነገርኳችሁ ውሸት ነው። ልጄን ያሳጣኝ መከላከያው ሳይሆን፣ ልቧን እያወቅኩ ሲስተርን እሺ አሰኝቼ ያስወጣሁባት እኔ ነኝ። መርፌያችሁን ያቆማችሁ፣ ያስወጣችሁ፣ ሄዳችሁ ሲስተርን ጠይቋት።" የሺ "ኀዘኑ ነው፣ ራሷን እየወቀሰች ነው፤ አትስሟት" አለች፤ ሁሉም የሺን ሰሟት።

ሮማን እስከ ቤት አልሸኘችኝም።

ዛሬ ምሳ አልመጣም።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ሮማን መጣች። ባዶ እጇን፣ ቆማ።

"ሁለት ወር ሆኖኛል።"

"ሮማንዬ..."

"ሮማንዬ አይበሉኝ። ሐኪሙ የማሕፀንሽ ስፌት ገና ነው ብሎኝ ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር፣ ነግሬዎት ነበር! ክንዴን ሳሳይ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙኝ እኮ እትዬ። አፍዎን አጡት?"

ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

"ሲስተር ጋ ሄጃለሁ" አለች በሩ ላይ ሆና። "ወደ ሆስፒታል ጻፈችልኝ። ይከታተሉኛል። እርስዎ ግን አይምጡብኝ። ልጁ ቢወለድም ባይወለድም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ እንዳይመጡ።"

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ሰላም ያሉኝ ሦስት ሰዎች። ቤት ገብቼ ዕንቁላል ጠበስኩ።

ጥር 1፣ ሐሙስ

የሺ መጣች። ከሮማን ወዲህ ደጄን የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የገባችው፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ነገር እንዳለ።

"ሙሉዬ፣ ቅድስትን ልድራት ነው። ጥር 18።"

"እንኳን ደስ አለሽ።"

"አሜን። እና... ክንዷ ላይ አለ። ያቺ ነገር። እኔ አሁን ነው ያየሁት፣ አንጀቴ ቅጥል አለ! የሙሽራው እናት ደግሞ የምትምር አይደለችም። አንቺ ያን ጊዜ እንዴት አድርገሽ ነው ሲስተሯን እሺ ያሰኘሻት?"

መልሼ እንድትናገር ጠየቅኳት። ደገመችው። እንዴት አድርገሽ ነው እሺ ያሰኘሻት።

ሁሉ ሰው ፊት ተነስቼ ልጄን ገደልኳት ያልኩት... የሺ ከዚያ ሁሉ የያዘችው ዘዴውን ነው።

"ቅድስት ራሷ ምን አለች?" አልኳት።

"እሷ ምን ታውቃለች? ልጅ ናት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሃያ ስድስት። ምን አመጣው አሁን ዕድሜዋን?"

"ወደ ሲስተር ላኪያት። ብቻዋን። አንቺ ቤት ቅሪ።"

ተነሳች። ድምጿ ተመለሰላት። "አንቺ ደግሞ! ለራስሽ ልጅ ያልሆንሽ፣ ለእኔ ልጅ መካሪ ሆነሽ!" መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

እውነቷን ነው። ለራሴ ልጅ አልሆንኩም።

ቅድስት መሃል ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ አውቀዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እናቷ ቤት ትዘጋባታለች። ስለዚህ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ባጃጅ እሄዳለሁ። የሺ ብትሰማ ትሰድበኛለች፣ ከዕድሩም ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ምክር አልመክራትም። ተይው ወይም አስወጪው አልልም። ብቻ "ክንድሽ ላይ ያለውን በተመለከተ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብዬ እጠይቃትና እስክትናገር ዝም እላለሁ።

ሩትን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።