ሰባ አንድ ሆኖ የተመዘገበው ዓሣ

ለተከበሩ የወንዝ ጥበቃና የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
በቢሮዎ፣ ወይም ስብሰባ ላይ ናቸው በተባልኩበት አዳራሽ፣ ወይም መስክ ወጥተዋል በተባልኩበት መስክ፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ዕድሜዎም እንደ ቀጠሮዎ የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከድልድዩ ማዶ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ባላት ሱቅ ውስጥ ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር ሰው ስሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ የመሥሪያ ቤትዎ በጎ ፈቃደኛ የዓሣ መዝጋቢ ሆኜ ማገልገሌን መዝገብዎ ይመሰክራል። መዝገብዎ የማይመሰክረው ነገር ስለሌለ በዚህ በኩል ሐሳብ የለኝም። የሰፈሩ ሰው ግን በስሜም በሥራዬም አይጠራኝም፤ "ባለ ዝንቡ" ነው የሚለኝ።

ክቡርነትዎ ጊዜ ስለሌለዎት የዝንቡን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከጥፍር በምታንስ መንጠቆ ዙሪያ የዶሮ ላባና የሐር ክር እየጠመጠምኩ ዝንብ የመሰለ ነገር እሠራለሁ፤ እሱን ይዤ ወንዝ እወርድና ረጅም ክር ባለው ዘንግ ውሃው ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ትራውት የሚባለው ባለ ነጠብጣብ ዓሣ እውነተኛ ዝንብ መስሎት ሲጎርሰው ይያዛል፤ ከዚያ መንጠቆውን በቀስታ ነቅዬ፣ ርዝመቱን ለክቼ፣ መልሼ እለቀዋለሁ። ባለቤቴ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታይ ኖራ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ለመልቀቅ ከሆነ መጀመሪያውኑ ማን ያዝ አለህ ትለኛለች። ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ከተዋወቅኩ ወዲህ ጥያቄዋ ተገቢ መሆኑን አምኛለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ጥሩውን ውሃ እንኳ ባላገኘው ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቅሬታዎቼን በቁጥር ያደረግኳቸው መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። ቅጽ ስምንትን ላዘጋጀው ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው። እያንዳንዱ የተያዘ ዓሣ የሚሰፍርበት ይህ ቅጽ ርዝመት፣ ቀን፣ ስፍራ እና "ተለቋል" የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉት። ይህ ዓሣ ከዚህ በፊት ተይዞ ያውቃል ወይ የሚል ሳጥን ግን የለውም፤ ምናልባት ዓሣ አንዴ ከተያዘ ተምሮ ሁለተኛ አይሳሳትም ተብሎ ታስቦ ይሆናል፤ እኛ ሰዎች እንኳ ያልቻልነውን። እኔም ሞኙ በሦስተኛው ጊዜ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይህ ያው የባለፈው ነው ብዬ ጻፍኩበት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ እግዜር ይስጣትና ደግ ሴት ናት፣ አባባ ጠርዝ ላይ የተጻፈ ነገር ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ ተበላሽቷልና ንጹሕ ቅጽ ይሙሉ ብላ መለሰችልኝ። ሞላሁ። ኃጢአቴ ይህ ነው፣ አልደብቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕርም ወለምታ መታሻ እንደሌለው ያየሁት ኋላ ነው።

ሁለተኛ። ዓሣው አንድ ነው። ክቡር ሆይ፣ ምናልባት ስብሰባ ላይ ሆነው እያነበቡት ከሆነ ደግሜ ልጻፈው፤ አንድ። የላይኛው ከንፈሩ በግራ በኩል የተሰነጠቀ ነው፤ የሰነጠቅኩትም እኔ ነኝ፣ በመጀመሪያው ቀን መንጠቆውን ስነቅል ቸኩዬ። ከዓይኑ ኋላ ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። ከድልድዩ በላይ ካለው ጥልቅ ኩሬ፣ ከወደቀው ዛፍ ሥር ርቆ አያውቅም። ስለ ዕድሜውና ስለ ትዕግሥቱ "ጋሼ" ነበር የምለው። በሦስት ዓመት ውስጥ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ተገናኝተናል፤ በጠቅላላው ሰባ አንድ ጊዜ። መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ በሕይወት ያለ ዓሣ ነው ብሎ ስለሚደምር፣ በወንዛችን ሰባ አንድ ትራውት አለ ማለት ነው። ባለሙያዎ ርዝመታቸው ሁሉ ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲሜትር መሆኑን አይቶ "ወጥ አቋም ያለው ጤናማ የጎልማሳ ዓሣ መንጋ" ሲል ጻፈ። ትንንሾቹ የት ሄዱ ተብሎ ሲጠየቅም ወጣት ስለሆኑ ወደ ታች ወርደው ይሆናል አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ በማኅተም ተረጋግጦ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ትንንሾቹ የትም አልወረዱም። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በንጹሕ ጠጠር መካከል ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከኩሬው በላይ የተተከለው የግንባታ ጠጠር ማጠቢያ የሚለቀው ደለል ያንን ጠጠር ሁሉ እንደ ግድግዳ ለስኖታል፤ እንቁላሉ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። የማጠቢያው ባለቤት ሰዓቱን የሚያሠራው እኔ ዘንድ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አይጨቃጨቅም። ባለፈው ሰዓቱን ስከፍተው ከውስጡ በብሩሽ የጠረግኩት ደለል ከኩሬው ደለል ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ፣ ሰዓቱ ሲቆምበት ወዲያው ይዞ መጣ።

ሦስተኛ። ቁጥሩ ሰባ ሲሞላ ሐፍረት ያዘኝና ዘንጌን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ዓሣ ያልተመዘገበበት የወንዝ ክፍል ከጥበቃ ዝርዝር ይሰረዛል፣ ውሃውም ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል ይላል። የጠየቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም፤ የማጠቢያው ቱቦ እስከ ኩሬው አፍ ተዘርግቶ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ሸራ ለብሶ ይጠብቃል። በማግስቱ ዘንጌን አውርጄ ሮጥኩ። ጋሼ እንደ ልማዱ አላሳፈረኝም፤ ያዝኩት፣ መዘገብኩት፣ ለቀቅኩት። ሰባ አንደኛው ያ ነበር።

በሳምንቱ ሁለት ፖስታ አብረው መጡልኝ። አንደኛው ውስጥ የክቡርነትዎ ፊርማ ያረፈበት የምስጋና ወረቀት ነበር። ሁለተኛው ውስጥ የውሳኔ ግልባጭ፤ ከሰባ በላይ ዓሣ የተመዘገበበት ወንዝ "የተትረፈረፈ" ስለሚባል ግማሽ ውሃው ለልማት ይውላል፣ ስለዚህ ሞተሩ ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ይጀምራል የሚል። በበጋ ያ ወንዝ ከጉልበት እንደማያልፍ ለክቡርነትዎ የሚነግርዎት ሰው እንዳለ አላውቅም፤ ግማሹ ሲሳብ የሚቀረው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው፣ በቁርጭምጭሚት ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣ አይኖርም። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ ባልመዘግብ ውሃው ይወሰዳል፣ ብመዘግብም ውሃው ይወሰዳል። ዕድሜዬን ሙሉ መንጠቆ ስይዝ ኖሬ፣ ቢጎትቱትም ቢተዉትም የሚወጋ መንጠቆ ያየሁት ከእርስዎ ዘንድ ብቻ ነው፤ የእጅ ሥራዎን አደንቃለሁ።

አራተኛ። ይህን ቁጥር ተናድጄ ስለጻፍኩት ባለቤቴ ገጹን ቀዳዋለች። ባለሥልጣን እንዲህ አይጻፍለትም፣ ለእኔም አስብ እንጂ አለችኝ። ስለ ዓሣና ስለ አናቱ የሚነገረው ተረት እዚያ ገጽ ላይ ነበር፤ ክቡርነትዎ በቃልዎ ስለሚያውቁት አልደግመውም።

አምስተኛ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ቢባልም፣ እውነቱን ልናገር ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ባለሙያዎ ተቀበለኝ፣ ወንበርም ሰጠኝ፤ አንድ እግሩ የጎደለ ቢሆንም ወንበር ነውና አመሰግናለሁ። ሰባ አንዱም አንድ ዓሣ ነው አልኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋና፣ አባባ ይህን ነገር ሌላ ሰው ፊት እንዳይደግሙት አለኝ፤ መዝገቡ ሐሰት ነው ከተባለ የሦስት ዓመቱ በሙሉ ይሰረዛል፣ ወንዙ ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮ ከሆነ ያን ዕለቱን ከጥበቃ ይወጣል አለኝ። ታዲያ አንድ ዓሣ ከመዝገብ የሚወጣው በምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። በሞት ብቻ ነው፣ በድኑ እዚህ በአካል ከቀረበ አንድ ይቀነሳል አለና ጣቱን የውሳኔው ግልባጭ ላይ፣ "ከሰባ በላይ" በሚለው ቃል ላይ አሳርፎ አየኝ። እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ ትንሽ ነገር አይጠፋኝም። ከሰባ አንድ ላይ አንድ ሲቀነስ ሰባ ነው፤ ሰባ ደግሞ ከሰባ በላይ አይደለም።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከማጠቢያው በላይ ባለው ትንሽ ጅረት ውስጥ አሁንም ጥቂት ትራውት አለ። ውሃው ከቀረልን፣ ደለሉም አንድ ቀን ከቆመ፣ ከእነዚያ አንዱ ወደ ኩሬው ይወርድ ይሆናል፤ ውሃው ከሄደ ግን የሚወርድበት የለም። ጋሼም ቢሆን በደረቀ ኩሬ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይሞት ነበር። ይህን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አሁንም እየነገርኩት ነው።

ስድስተኛ። ረቡዕ ጠዋት ወረድኩ። ዛሬስ ባይመጣ እያልኩ ዝንቤን ወረወርኩ፤ መጣ። ጎረሰ እንጂ አልታገለም፤ ሰባ አንድ ጊዜ ለቅቄዋለሁና ሰባ ሁለተኛውንም እንደምለቀው ያውቅ ነበር መሰለኝ። መዳፌ ላይ ጸጥ ብሎ ተኛ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ከፈት ከደን እያደረገ፣ እስክለቀው ጠበቀኝ። በመረቤ እጀታ አናቱን መታሁት። ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያው አልበቃም። ከጸጉር የቀጠነ የሰዓት ሽቦ ሲይዝ የማይስት እጅ ነው ይሄ። አዎን አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ውሃ አሙቃ እጄን አስታጠበችኝ።

በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለመሥሪያ ቤትዎ አስረከብኩ። ተለካ፣ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ አንድ ተቀነሰ። የሞተሩም ፈቃድ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ታገደ፤ መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ሊፈጥን እንደሚችል ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ በመኖሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ በመዝገብዎ ሰባ ዓሣ አለ። በኩሬው ውስጥ የለም። አንድም የለም።

ሰባተኛ፣ የመጨረሻዬም ነው። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ከተጻፈበት ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ ሦስቱ ወር መቆጠር ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዓሣ ካልመዘገብኩ ወንዙ ይሰረዛል፣ ሞተሩ ሸራውን ይጥላል፣ ጋሼም በከንቱ ሞተ ማለት ነው። በየወሩ የሌለ ዓሣ ይዤ፣ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ብዬ፣ "ተለቋል" የሚለው ላይ ምልክት ባደርግ የሚጠይቀኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ሌላ የምስጋና ወረቀት ይደርሰኛል። አልችልም። ሳላስበው የዋሸሁት ወለምታ ነበር፣ እያወቅኩ የምዋሸው ግን ሌላ ስም አለው። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌም ያው በደንብዎ መሠረት መዝገቡን ያፈርሰዋል፤ ብናገርም፣ ዝም ብልም፣ ብዋሽም መውጫው ተዘግቶብኛል። መክፈቻው በእርስዎ እጅ ነው። እባክዎ አንድ ጊዜ፣ ወረቀት ሳይይዙ፣ ጫማዎን አውልቀው ኩሬው ውስጥ ይግቡና እግርዎ የሚረግጠው ጠጠር ይሁን ጭቃ ራስዎ ይዩት፤ ጭቃ ከሆነም ያ ማጠቢያ ደለሉን ወንዝ ውስጥ መልቀቁን እንዲያቆም አንዲት መስመር ይጻፉ። ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም።

በመዝገብዎ ላይ በሚዋኙት ሰባ ዓሣዎች ሁሉ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን የጠለቀ፣ ያውም ከኩሬው ይልቅ የጠለቀ አክብሮት የምገልጽ፤

የቀድሞው በጎ ፈቃደኛ መዝጋቢ፣
የአንድ ዓሣ ገዳይ፣
ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰዓት ጠጋኝ።

ተጨማሪ፤ በድኑን ልቀብረው ፈልጌ ሰኞ ዕለት እንዲመለስልኝ ብጠይቅ፣ ለማስረጃነት ከተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ወጥቶ ለምሳ መጠበሱን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ክቡርነትዎም ቀምሰው፣ ጭቃ ጭቃ ይላል ብለው እንደተዉት ሰምቻለሁ። ስለ ወንዛችን ከመሥሪያ ቤትዎ የወጣ የመጀመሪያው ትክክለኛ ሪፖርት ይህ ስለሆነ፣ ቀንና ፊርማ ተጨምሮበት በመዝገብ እንዲሰፍርልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።