ከአያ ደሴ ጋር ስላለህ ቀጠሮ

ይድረስ ለአካሌ፣ ለተገኘ፤

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምትም ወጣ። ዘንድሮም ጉሙ ቤቱን ከድኖት ከረመ። አንተ በሌለህበት እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ለማን ላውራ? አፌ ሥራ ፈታ። ስምንተኛ ክፍል ላይ በቆመች ትምህርቴ ስጽፍልህ ብታይ፣ «ይቺ ሴትዮ በወረቀትም አታርፍም» ብለህ ትስቅብኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሙሉቀን ጫግኒ ላይ ባጃጅ መንዳቱን ትቶ ተመልሷል፤ መንገዱ አላላውስ ሲለው ምን ያድርግ። ዳማው ፈረስህ አርጅቷል፣ ጥርሱ ገብስ አልሰብር ብሎታል፤ እየከካሁ ነው የምሰጠው። በለቅሶህ ዕለት ኮርቻህን ጭነን፣ ካባህን ደርበንበት በሰው መሀል ስናዞረው ዓይኑ ይንከራተት ነበር። አሁንም ኮቴ ሲሰማ ቀና ይላል፤ አንተ አለመሆንህን ሲያይ አንገቱን ይደፋል። እኔም ያው ነኝ።

የከሰል ዛፍህ፣ ዲከረንሱ፣ ደረሰልህ። ያ ከአያ ደሴ ማሳ ጋር በሚያዋስነን ዳር የተከልከው። ሙሉቀን ቆርጦ ከመረውና ከሰል ሊያከስል፣ ክምሩን የሚያለብስበት አፈር ሲቆፍር ዶማው ድንጋይ ነካ። ጠራኝ። ሄጄ አፈሩን በእጄ ጠራረግሁት። ጥቁሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። አላወቅሁትም ልበልህ? ሙሽራ ሆኜ ምሳህን ይዤ ስመጣ እላዩ ላይ ቁጭ ብለን ቅቅል ድንች የበላንበት፣ አንተ ትልቁን እየላጥክ ለእኔ የምትሰጠኝ። አባትህና የአያ ደሴ አባት አብረው የተከሉት ወሰን። «ጎርፍ ወሰደው» ብለኸኝ አልነበር? ጎርፍ አልወሰደውም። እዚያው እነበረበት ጠልቆ ተቀብሯል። የሦስት ረድፍ ዛፍህ ጉቶ ግን እሱን አልፎ በአያ ደሴ መሬት ላይ ነው ያለው።

ያኔ አያ ደሴ «ወሰኔን ገፋ» ብለው ሽማግሌ ሰብስበው ሲከሱህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቀኝ እጅህን አንስተህ ማልክ። ያውም በአገውኛ፤ የአማርኛ መሐላ አይዝም እያልክ ስትቀልድ የኖርክ ሰውዬ! «ድንጋዩን ከቦታው አላነሳሁም» ነበር ያልከው። ተገኘዬ፣ ወሰን ያነሳ የተረገመ ነው ሲባል ፈርተህ፣ ሳታነሳው ቀበርከው? ሽማግሌን እንዲህ አድርገው ያልፉታል። የላይኛውን ዳኛ በምን ታልፈዋለህ?

አያ ደሴ ያን ቀን አልተሳደቡ፣ አልተራገሙ። በትራቸውን አንስተው «እንግዲያው ለፍርድ ቀን ቀጥሬሃለሁ» ብለው ሄዱ። አንተም ከኋላቸው «ቀጠሮው ረጅም ነው፣ ስንቅ ያዙ!» አልካቸውና ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል።

በመጨረሻው ሰሞን፣ እንጅባራ ሐኪም ቤት አይተው ወደ ቤት ሲመልሱህ፣ ምላስህ ተሳስሮ ነበር። በዚያችው ቀኝ እጅህ በበሩ አሻግረህ ወደ ዲከረንሱ ታመለክታለህ። ዳማው እዚያ ስለሚታሰር እሱን የናፈቅህ መስሎኝ፣ አምጥቼ ደጅህ ላይ አቆምኩልህ። አላየኸውም። እጅህንም አላወረድክም። የንስሐ አባታችን ጎንበስ ብለው ምን እንደከበደህ ጠየቁህ፤ አንተ አሁንም ወደዚያው። ማን ይተርጉምልህ? እንዲሁ ሄድክ።

ድንጋዩ ከወጣ ወዲህ ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲሰበክ፣ በቀኝ የሚቆሙት፣ በግራ የሚቆሙት ሲባል በዓይነ ልቡናዬ የምፈልገው አንተን ነው። ድሮ የምፈራው ለራሴ ነበር።

ሙሉቀን «እማ፣ መልሰን እንቅበረው፤ ሙት አይወቀስ፣ ድንጋይ አይነከስ፤ የአባቴን ስም ለምን ታጎድፊያለሽ» አለኝ። ልጄ፣ ሙት የማይወቀሰው እኮ እዚህ ነው አልኩት። ጉቶውን አስነቅዬ፣ የእነዚያን ሦስት ረድፍ እንጨት ሳላከስል ለየብቻ አስቀምጬ፣ አያ ደሴን አስጠራኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ቀጠሮውን አንሱለት ብዬ ለመንኳቸው። ዓይናቸው ፈዟል፤ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። ኋላ «እኔ ክሴን ትቻለሁ፣ ነፍሱን ይማር። መሐላው ግን የእኔ አይደለም ልጄ፤ የሰማው ሌላ ነው» አሉኝ። በትራቸውን ይዘው እንደዚያን ቀን ቀስ እያሉ ሄዱ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት የማልከው በሰው ፊት ስለሆነ ነው። አትቀየመኝ።

አሁን የቀረችኝ እጅህ ብቻ ናት። ድንጋዩን ነበር ያሳየኸኝ ወይስ ፈረስህን? እዚህ የሚነግረኝ የለም። በየሙት ዓመትህ የክርስትና ስምህን ለካህኑ እየሰጠሁ አስጠራለሁ፤ ይህቺ ነፍሴ እስካለች አልረሳህም። ያን ቀን ተጠርቼ ስለ አንተ ብጠየቅም፣ እጅህ ለመሐላ መነሳቷን አልደብቅም። ያችው እጅ ግን፣ አፍህ ከተዘጋ በኋላ፣ እስክትቀዘቅዝ ድረስ ወደዚያ ታመለክት ነበር ብዬ እመሰክራለሁ።

ያንተው ጥሩዬ