ጥማት ሕመም መሆኑን ላስተማሩን ሥራ አስኪያጅ

ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ለሚገኘው የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት
ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ስኳርና ደም ግፊት ደጅዎን እንዳይረግጡ፣ ቢረግጡም ከውል በኋላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ፀዳል እባላለሁ፤ የካርቲየ 1 ሰፈር ነዋሪና ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ እስከ ጋላፊ ድንበር ያደርስ የነበረው የሾፌር ሙላው ባለቤት ነኝ። ደብዳቤዬ በአማርኛ መጻፉ እንዳያስከፋዎት፤ እኛም ውላችሁን በማናነበው ፈረንሳይኛ አምነን ፈርመናል።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሠራተኛችሁ ስለ ሙሐመድአሚን ጨዋነት። ባለቤቴ ውል ሊገባ ሲመጣ አብሬው ነበርኩ። አማርኛ አሳምሮ የሚናገረው ሙሐመድአሚን «ከዚህ በፊት የነበረብህ ሕመም አለ?» ብሎ ሲጠይቀው ሙላው አልደበቀም። «ሐኪም አይቶኝ አያውቅም፤ ግን ውሃ አይበቃኝም፣ ሽንትም ያመላልሰኛል» አለው። ሠራተኛችሁ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ጅቡቲ ውስጥ ውሃ የሚበቃው ማን አለ? ሐኪም ያልነገረህን በሽታ እኛ አንጽፍም» ብሎ ጤነኛ ነው ሲል መዘገበው። እኛም ደስ ብሎን ወጣን።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራችሁ ጥልቀት። ሙቀቱ በበረታበት ወር የሙላውን እግር ጫማው ላጠው። ቁስሉ አልድን ብሎ ሲጠቁር ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ስኳር እንዳለበት የሰማነው ያን ዕለት ነው። ሐኪሙም «የተዘጋው የደም ሥር ቶሎ ከተከፈተ እግሩ ይተርፋል፤ አትዘግዩ» ስላለን ወደ እናንተ ሮጥን። እናንተም ባለቤቴ ከውሉ በፊት ውሃ ያበዛ እንደነበር ለሐኪሙ መናገሩን ደርሳችሁበት፣ ሕመሙ ነባር ነው፣ ደብቆናልና አንከፍልም አላችሁ። ስንፈርም የአገሩ ሙቀት የነበረው ጥማት፣ ስንታመም በሽታ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ሐኪሞችም የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ። ይግባኛችሁ እየታየ ነው እየተባልኩ ደጃችሁ ተመላለስኩ። ሙሐመድአሚንን «እባክህ የሰማኸውን ንገርልኝ» ብዬ ብለምነው መሬት መሬት እያየ፣ «እኅቴ፣ እንጀራዬ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የሙላው እግር ግን እንደ እናንተ ታጋሽ አልነበረም፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሙላው ሲነቃ እጁን ሰዶ ብርድ ልብሱን ዳበሰ። «መኪናውን ለማን ሰጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ምስጋናዬ አለቀብኝ። ክቡርነትዎ፣ ሰው የማያውቀውን ሕመም እንዴት ይደብቃል? የሚያውቀውን ያህል ተናግሯል፤ አንጽፍም ያላችሁት እናንተ ናችሁ። የሄደውን እግር መልሱ አልልም። አሁን የቀረው እግሩ መደንዘዝ ጀምሯል፤ ሳሞቀውም፣ ስቆነጥጠውም አይሰማውም። ሐኪሙ ያንኑ «አትዘግዩ» የሚለውን ቃል ደግሞልኛል። የምትሮጥበት ደጅ የሌላት ሴት ናት የምትጽፍልዎት። በፈጠረዎት ይሁንብዎ፣ ይህን እንኳ አድኑልኝ።

ለጤንነትዎ ዘወትር የምትጸልይ፣ ከደጅዎ ብትባረርም የማትቀየም፣ ትሑት ደንበኛዎ፣

ፀዳል፣ የሙላው ባለቤት
ካርቲየ 1፣ ነሐሴ 2006 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ደውላ፣ ታማኝ ደንበኞች ስለሆንን ውሉን እንድናድስ በአክብሮት ጋበዘችን። ስልኩን ያነሣው ሙላው ነበር። «እሺ እኅቴ፣ እግሬ አንድ ብቻ መሆኑን ግን አሁኑኑ ጻፊልኝ፤ ኋላ ደበቅከን እንዳትሉኝ» አላት። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው። መጻፍ አለመጻፏን ቢያጣሩልን።