እማዬ፣ ኦቦ ገመቹ ጋሪ ላይ ወጣሁ

ሃርሜ ኮ፣ እናቴ፣ አንቺን እንደምን ነሽ አልልሽም፣ ጌታ ጋ ነሽና ደህና ነሽ፣ ይልቅ እንደምን ነሽ መባል ያለብኝ እኔ ነኝ። ከተለያየን ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፍልሽ፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ ከነቃች እጄን አትለቅም። አዎ፣ ልጅቷ ነው ያልኩሽ! ወለድኩ እማዬ! ሴት ናት፣ ቢፍቱ አልናት፣ አፍንጫዋ ያንቺ ነው፣ ጩኸቷ የማን እንደሆነ ግን እኛም አላወቅንም።

ምን ምን ልንገርሽ። ቶሎሳን አገባሁት። ያ ጆሮው ትልቅ የሆነው፣ አንቺ "ይሄ ልጅ ሲሄድ ነፋስ ይወስደዋል" ያልሽው፣ እሱን ነው ያገባሁት፣ አልወሰደውም፣ ጌዶ መንገድ ሥራ ላይ አካፋ ይዞ ይውላል፣ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ጣሪያው የሚያፈሰው ቦታ ተደፍኗል፣ አሁን ደሞ ሌላ ቦታ ያፈሳል። ሽንኩርትሽን ዘንድሮም ተከልኩት። የመሠረተ ትምህርት ወረቀቴንም ተቀበልኩ፣ አንቺ "ሸ" ላይ ደርሰሽ "እስቲ እዚህ ልረፍ" ብለሽ ቀረሽ፣ እኔ ጨረስኩት፣ ይኸው እየጻፍኩልሽ።

ቤተ ክርስቲያናችን እንደታሸገች ናት። ቀበሌው እህል አስገብቶባታል። እኛም አንቺ እያለሽ እንደነበረው አዴ ጫልቱ ቤት ነው የምንሰበሰበው፣ መዝሙሩ ውጭ እንዳይሰማ አንድ ሰው ደጅ ቁጭ ብሎ በርበሬ ይወቅጣል። አንቺ ነበርሽ የምትወቅጪው፣ ከመዝሙሩ ጋር እኩል እያስኬድሽ። አንቺ ስትሄጂ ሙቀጫውን እኔ ወሰድኩት፣ ሁሉም "እንደ እናቷ አገልጋይ ናት" ብለው አመሰገኑኝ። እማዬ፣ ውሸት ነበር። አገልግሎት አልነበረም። ከኦቦ ገመቹ ጋር አንድ ዳቦ ላለመቁረስ ነው ደጅ የተቀመጥኩት።

ይሄን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት።

ከጉደር ገበያ ስትመለሺ ኦቦ ገመቹ ጋሪያቸውን ገልብጠውብሽ የሞትሽ ጊዜ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አጎቴ በኔም ስም ታረቀ። "ለምን ፈረሱን አስሮጥከው?" ሲሏቸው ኦቦ ገመቹ አንገታቸውን ደፍተው "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን አልታረቅኩም። "እሱ ጋሪ ላይ ከምወጣ እግሬ ይቆረጥ" አልኩ፣ በትልቅ ሰው ላይ "እሱ" እያልኩ። ስብሰባ ሲመጡ ደጅ አያቸዋለሁ፣ "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል፣ ልጄ እንደምን ነሽ ማለታቸው ነው፣ እኔ በርበሬውን ድም! ድም! አደርገዋለሁ። ዳቦው ሲዞር ለኔ በመስኮት ሲያቀብሉኝ "ሆዴን አሞኛል" እላለሁ። ዓመት ሙሉ ሆዱን የሚያመው ሰው አለ? አዴ ጫልቱ "ኮሶ ጠጪ" አሉኝ እኮ!

ሳረግዝ ፍርሃቱ መጣ። ታውቂኝ የለ፣ ጅብ እፈራለሁ፣ ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ቀበሌ እፈራለሁ፣ ምጥ ደሞ ከሁሉም ባሰብኝ። አንቺ የለሽም። ስጸልይ ደሞ "ይቅር በለን" የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል፣ ዘልዬው አልፋለሁ። እግዜር ዘልዬ እንዳለፍኩ አላየም? አይቷል። እንግዲህ በምጤ ቀን እሱም እኔን ቢዘለኝስ እያልኩ አለቅስ ነበር።

የምጡ ቀን ቶሎሳ ጌዶ ነው። ከተማው ሁሉ የቀበሌ የበዓል ስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል፣ ጋሪ በሙሉ ሰው ሊያመላልስ ተወስዷል። አዴ ጫልቱ ብቻ "ወገቤን" ብለው ቀርተዋል፣ ወገባቸው ምንም አልሆነም፣ መሬቱ ላይ መቀመጥ ሰልችቷቸው ነው። አይተውኝ "ያ ረቢ! ይሄማ ራሱ ነው!" አሉና ጎትተው አወጡኝ። ወዴት መሰለሽ? ኦቦ ገመቹ ደጅ! እሳቸው ጋሪያቸው ስብሰባ አልተወሰደም፣ ካንቺ በኋላ ሰው አይጭኑማ፣ ድንጋይና አሸዋ ነው የሚያመላልሱት።

"ገመቹ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ልጅቷን ምጥ ይዟታል፣ ጤና ጣቢያ አድርስልን" አሏቸው።

ኦቦ ገመቹ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ደግመው ተነሱ። "ሰው አልጭንም ብዬ ምያለሁ ጫልቱ። ድንጋይ ከሆነ እሺ።"

"ታዲያ ድንጋይ ናት በልና ጫናት!"

"ይቅር ሳትለኝ እንዴት አድርጌ?" አሉ፣ እኔን ሳይሆን መሬቱን እያዩ።

"ይቅር ብያለሁ! ይቅር ብያለሁ! ጋሪውን ብቻ ያምጡት!" ብዬ ጮህኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም። ያን ሰዓት ጋሪ ያለው ሰው ማንም ይሁን ማን ይቅር እለው ነበር።

ጭድ አነጠፉልኝ፣ ወጣሁ፣ አዴ ጫልቱ ከኋላዬ ያዙኝ። ኦቦ ገመቹ ግን አልወጡም! ልጓሙን ይዘው ከፊት በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ፈረሱን "ሱታ፣ ሱታ" ይሉታል፣ ቀስ፣ ቀስ። እንጨት የተጫነች አህያ አለፈችን እማዬ! አንዲት ሴት አጥሯ ላይ ቆማ "ሬሳ ነው የያዛችሁት?" አለች፣ አዴ ጫልቱ "ሬሳ እንዲህ ይጮሃል?" አሏት። እኔ በዚያ ሁሉ ምጥ መሃል ሳቄ መጣ፣ ስስቅ ደሞ ባሰብኝ።

ሁሉቃ ድልድይ ከመድረሳችን በፊት ያለችው ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ አላስችል አለኝ። "ፈጠን ይበሉ! ማሎ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ!" አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ቆሙ። ፈረሱም ቆመ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ "እናትሽም ይሄንኑ ነበር ያሉኝ" አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ እንዳመለጣቸው ገባቸው።

"ምን አልክ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ምንም።"

"ገመቹ! ተናገር፣ አለዚያ እዚሁ ትወልድብሃለች!"

"ያን ቀን ሰማዩ አጉረመረመ" አሉ። "'ገመቹ ፈጠን በል፣ ልጄ ብቻዋን ናት፣ ነጎድጓድ ትፈራለች' አሉኝ። እኔም ፈረሱን መታሁት። ጭቃ ነበር፣ ልመታው አይገባኝም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ለሽማግሌዎቹ ታዲያ ለምን ይሄን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ ልናገር? ይቺ ልጅ ብትሰማስ? በምን ትችለዋለች?"

እማዬ፣ ያን ቀን እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንቺን እየጠራሁ ነበር። አንቺም ልትደርሺልኝ ስትቸኩዪ ነው የቀረሽው። እኚህ ሰውዬ ደሞ እንዳልሰማ ብለው ዓመት ሙሉ ስድቤን ጠጡ፣ የኔን ድርሻ እላያቸው ላይ ደርበው ተሸከሙ፣ እኔ በርበሬ እወቅጥባቸዋለሁ። ጌታ የኛን ተሸከመ ሲባል ከልጅነቴ እሰማለሁ፣ አሜንም እላለሁ፣ የገባኝ ግን ያቺ ቁልቁለት ላይ ነው። ሰው እንዲህ ካደረገ እግዜርማ እንዴት አያደርግ!

ማልቀስ ጀመርኩ። አዴ ጫልቱ "ሁለቱን ባንዴ አይቻልም፣ መጀመሪያ ውለጂ!" አሉኝ።

"ኦቦ ገመቹ" አልኩ፣ "ይውጡ። ቁጭ ብለው ይንዱ።"

"ኢንተላ ኮ፣ እፈራለሁ።"

"እኔም እፈራለሁ። ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ያሁኑ የእውነት ነው፣ ይውጡ!"

ወጡ። ኮታቸውን ከኋላ በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ፣ አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ጮክ ብለው ይጸልያሉ፣ "ጌታ ሆይ፣ ጎማውን ያዝ፣ ፈረሱን ያዝ፣ ገመቹን ያዝ፣ እኔንም አትርሳኝ!" እያሉ። ቁልቁለቷን ወረድን። ጎማው አንዴ ሸርተት አለ፣ ግን ያዘ። ዓመት ሙሉ ፊቴን አዙሬ የማልፋትን፣ ጋሪው የተገለበጠባትን ያቺን ቦታ አየኋት፣ ሣር በቅሎባታል፣ አንዲት በግ ትግጣለች። ያ ብቻ ነው እማዬ። በግና ሣር።

ድልድዩን ስንሻገር ኦቦ ገመቹ ፈረሱን ለቀቁት! ስብሰባ የነበረው ሰው ባንዲራውን ይዞ እየተመለሰ ነው፣ አዴ ጫልቱ ቆመው "መንገድ! መንገድ ልቀቁ!" ሲሉ ሰዉ የበዓሉ ትርዒት መሰለውና አጨበጨበልን! እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ።

እንደደረስን ብዙም አልቆየሁ፣ ወለድኳት። ነርሷ "ትንሽ ብትዘገዪ መንገድ ላይ ነበር" አለችኝ። ኦቦ ገመቹ ዝናብ ላይ ፈረሳቸውን ይዘው በመስኮቱ በኩል ቆመዋል፣ ልጅቷ ስታለቅስ የፈረሱን አንገት አቅፈው ሲስቁ አየኋቸው። ከሞትሽ ወዲህ የእሳቸውን ጥርስ አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግን ሐሳቡ መጣብኝ። እናቴን የገደላት የኔ ፍርሃት ነው አልኩ። ጌታንም ለመንኩት፣ "እሳቸውን ይቅር አልኩ፣ እኔን ማን ይቅር ይለኛል?" እያልኩ። ይሄን እያልኩ ቢፍቱ እሪ ብላ አለቀሰች። ሊመዝኗት ወዲያ ጥግ ወስደዋታል። እኔ ከአልጋ ዘልዬ ወረድኩ፣ ዞረብኝ፣ ግድግዳ ያዝኩ፣ ነርሷ "ምን ያስሮጥሻል? ብትወድቂስ?" ብላ ተቆጣችኝ። ብወድቅስ? እማዬ፣ ብወድቅ እሷን አልቆጣትም ነበር። አንድ ቃል አልናገራትም ነበር። ለምን አለቀስሽ አልላትም። እዚያው ግድግዳውን እንደያዝኩ ገባኝ፣ አንቺም አልተቆጣሽኝም። እግዜርም አልተቆጣኝም። ከልቤ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተነሳ፣ ነርሷ ግን ያመመኝ መስሏት አልጋው ላይ መለሰችኝ።

ያለፈው እሁድ ውስጥ ገባሁ። ሙቀጫውን ሌላ ሰው ያዘ፣ አዲስ ነውና እንዴት አድርጎ ወቀጠው መሰለሽ፣ በርበሬው በመስኮት ገብቶ ቤቱ በሙሉ አስነጠሰ፣ ዳቦውን የሚባርኩት ሽማግሌ ራሳቸው መሃል ላይ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ፣ ሳቃችን እንዳይሰማብን አፋችንን በነጠላ ያዝን። ሳህኑ ሲዞር ለኔ ያቀበሉኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ተቀበልኩ። በላሁ። ሆዴን ምንም አላመመኝም። "ይቅር በለን" የሚለውንም ሳልዘልለው ጸለይኩ።

ፍርሃቱ ግን ሙሉ በሙሉ ሄደ ብዬ አልዋሽሽም። ቶሎሳን ለውትድርና ይወስዱት ይሆን ብዬ እፈራለሁ። አዴ ጫልቱ ቤት ስንዘምር የጥበቃ ኮቴ የሰማሁ ይመስለኛል። ትናንት ሲያጉረመርም ልጅቷን ይዤ ተንቀጠቀጥኩ፣ እሷ ግን አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ የኔ እጅ አለላታ። እኔንም ጌታ ይዞኛል ብዬ አሰብኩና ቁጭ አልኩ፣ አልጋ ሥር አልገባሁም።

ቢፍቱ ነፍስ ስታውቅ ስላንቺ ሁሉንም እነግራታለሁ። እንዴት እንደምትዘምሪ፣ ሽንኩርት ስትሸጪ እንዴት ምራቂ ብለሽ አንድ እንደምትጨምሪ፣ እንዴት እንደወደድሽኝ። ሽንኩርቱ ሲደርስ፣ ክረምት ሲመጣ፣ ድልድዩን በተሻገርኩ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ፣ እስክንገናኝ አልረሳሽም።

አሁን ነቃች፣ እየጠራችኝ ነው። እማዬ፣ ያን ቀን እንደቸኮልሽ አትቅሪ። አሁን እረፊ፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ልጅሽ