የነጂብ ጠርሙስ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ነጂብ ማጣበቂያው ላይ ቲነር ቀላቅሎበታል። ሌላ ምክንያት አይታየኝም። መጋጠሚያው ዛሬም አረፋ አወጣ፤ አራቱም ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ። ገንዳውን ያዘዘችን አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት፤ ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ዓሣ ልታስቀምጥበት። "መጋጠሚያው እንዳይታየኝ" ብላ ያስጠነቀቀችን ሴትዮ ይኼን ካየች አለቀልን።

ነጂብ አጋሬ ነው። ፈላና በር ያለችውን ሱቅ የተከራየነው አብረን ነው። እኔ አክሪሊኩን፣ ያንን መስታወት መሳይ ፕላስቲክ፣ እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፤ እሱ ማጣበቂያውን ፈሳሽ ከድሬዳዋ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ጠርሙስ አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ደህና ሥራ አልወጣም። ትናንት ደግሞ ሥላሴ ስለነበር አልገባሁም። ብቻውን ዋለ፣ ከጠርሙሱ ጋር።

ጠየቅኩት። "አቦ ጽጌ፣ ዝናቡ ነው፤ አየሩ ረጥቧል" አለኝ። ዓይኔን ሳያይ።

ረቡዕ፣ 9

ጠርሙሱን አሸተትኩት። ያው ራስ ያዞራል። ቲነርም ራስ ያዞራል።

የማይጥሙኝ ነገሮች፦ ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። ጠርሙሱን እኔ ስይዝ ዓይኑ አብሮኝ ይዞራል። ዛሬ ስገባ አንድ የአክሪሊክ ቁራጭ ብርሃን ላይ ይዞ ሲያገላብጥ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ኪሱ ከተተው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፣ ስንቱን አይታለች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ነጂብን ትወደዋለች ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ 10

ከአሮጌው ጠርሙስ ሥር ትንሽ ቀርታ ነበር። እሱ ምሳ ሲሄድ ሞከርኳት። አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ አቆምኩ፣ ክፍተት እንዲኖር ከሥሩ ስፒሎች ደረደርኩ፣ ፈሳሹን በስሪንጅ ሰደድኩ። ውስጥ ለውስጥ ሲሮጥ ደስ ይላል። ጥቂት ጠብቄ ስፒሎቹን ስስብ ቁራጩ በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። ድሮ በቀጭን ሽቦ ነበር የምንሠራው፤ ስፒል ለመሳብ ይቀላል ብዬ ከእናቴ ያመጣሁት በቅርቡ ነው።

ነጠብጣቡ ወጣ። አሮጌውንም ነክቶታል ማለት ነው! እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ወደ ድሮ አለቃዬ፣ ወደ ጋሽ ታደለ ማስታወቂያ ቤት ሥራ ልጠይቅ ሄድኩ። "ሰኞ ነይ" አሉኝ። ለነጂብ አልነገርኩትም። ሁለት ዓመት አብሮ መሥራት እንዲህ ሊያልቅ ነው። አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽ።

ዓርብ፣ 11

እናቴ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ስፒል ትሰካለች። ስፒሉን የምትነቅለው ከሳሙና ላይ ነው።

"ለምንድነው ሳሙና ላይ የምትሰኪው?"

"ጨርቁን ሳይዝ እንዲያልፍ ነዋ። አንቺ የወሰድሻቸውም ከዚሁ ናቸው።"

ክው አልኩ፤ ሳሙናውን ይዘው ነዋ ፈሳሹ ውስጥ የገቡት። በዝናብ ሱቅ ሄጄ የተበላሸውን ገንዳ አየሁት። ነጠብጣቡ እኩል እኩል ተራርቆ ነው የቆመው፤ ልክ ስፒሎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ። ቲነር ቢሆን ዳር እስከ ዳር ነበር የሚያበላሸው። ስፒሎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በነጂብ ፈሳሽ ሞከርኩ። መጋጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፊቱን እንዴት ነው የማየው?

ቅዳሜ፣ 12

ነገርኩት። ሳሙናውንም፣ የጠረጠርኩትንም፣ ጋሽ ታደለ ጋ መሄዴንም። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጭንቅላቱን አከከ።

"እኔ ደግሞ አንቺ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የጨመርሽበት መስሎኝ ነበር" አለ። "ወላሂ፣ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።"

የተበላሹትን ጠርዞች ቆርጠን ጣልንና እንደገና ገጠምነው። ገንዳው ትንሽ አጠረ እንጂ አምሯል። ውኃ ሞልተነው ሥሩ ያነጠፍነው ወረቀት እስከ ማታ ደረቅ ነበር። ጋሽ ታደለ ጋም ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኳቸው።

ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ተናደድኩ። ከአንድ ሳህን አብሮኝ እየበላ እኔን ይጠረጥራል?