በቤዛ ገድ፣ በኔ እጅ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የስፌት አለላውን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ስልኬን አነሳሁ። ቤዛ ጉትቻ በምንሸጥበት ገጽ ላይ በቀጥታ እያስተላለፈች ነው። ጉትቻዎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ እየለካች። አንዷ ተመልካች፣ ማን ነው የሚሠራቸው? ብላ ጻፈች። ቤዛ ሳቀች። ቅዳሜ ለፎቶ ብላ የወሰደችውን ወስፌዬን አነሳች፣ እንደ እስክሪፕቶ ያዘችው፣ "እኔ ነኛ!" አለች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቃ። አንቺ ደብተር፣ ሌላ ቀን ሌላ ምክንያት ብደረድርልሽ እንዳታምኚኝ።

ከሥር ምርቃት ይዘንባል። እጅሽ ይባረክ። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። የማንን እጅ? የሷ ጥፍር ትናንት ነው የተሠራው። የኔ ሌባ ጣት በወስፌ ተበሳስቶ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ልብስ ሲሰረቅ ፖሊስ ጣቢያ ይኬዳል። ምርቃት ሲሰረቅ የት ይኬዳል?

እማዬ ምን ሆንሽ ትላለች። ምንም። አለላው ከልክ በላይ ራሰ። ደፋሁት።

ከሰዓት

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ልጻፈው። በማርኬቲንግ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ፣ የእማዬን ስፌት አሳንሼ ጉትቻ አደረግኩት። ሐሳቡ የኔ። ቀለሙ የኔ። ቤዛ የሳንሱሲ ጎረቤቴ ናት፣ አብሮ አደጌ። መጀመሪያ ጦ/ኃይሎች፣ የጋሽ ነስሩ የሻርፕ ሱቅ በር ላይ የዘረጋን ቀን፣ አንዱን ጥንድ አንስታ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም አለቀ። በማግስቱ እሷ ቀረች፣ እኔ ከፈትኩ። ዝናብ። አንድም አልተሸጠም።

እማዬ ፈረደች። የቤዛ ገድ ቀና ነው፣ ገበያ በሷ ይከፈት። ከዚያ ወዲህ ቤዛ ቀድማ ያልነካችው ዕቃ አይሸጥም። የጠዋቱን የቴሌግራም ፖስት እንኳን እሷ ናት የምትለቀው። ቻናሉ በሷ ስልክ ተከፈተ፣ ገጹ በሷ ፊት።

እኔ፣ ስለ ሸማች ባህርይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራሁት ሴት፣ በገድ ተስማማሁ። ዕቃው እስከተሸጠ ድረስ ምን ገዶኝ ብዬ። ጓዳ ተቀመጥኩ። እሷ በረንዳ ወጣች። አሁን ሰው የሚያውቀው በረንዳውን ነው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ቤቴል፣ አንድ ካፌ። እኔ ጠራኋት። የጾም ኬክ አዘዘች፣ እኔ ሻይ። እንዴት እኔ ነኝ ትያለሽ አልኳት። ደነገጠች ብዬ ልጽፍልሽ በወደድኩ። ኬኳን እየቆረሰች ነው የመለሰችልኝ።

"አንቺ ደግሞ ሰኒዬ! ሰው ዕቃ አይገዛም፣ ታሪክ ነው የሚገዛው ያልሽኝ ራስሽ አይደለሽ? ታሪኩን አሳጠርኩታ!"

በራሴ ትምህርት መታችኝ። እንዲያ ከሆነ ካሜራው ፊት አንቺ ውጪ አለችኝ። ባለፈው ስትወጪ ግን ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ቃሏን የምትሰጥ ነበር የምትመስዪው። ሳቅኩ። ከሁሉ የሚያናድደኝ መሳቄ ነው። እውነቷን ነዋ፣ እንደዚያ ነበር የመሰልኩት።

ልንወጣ ስንል ከጎን ጠረጴዛ አንዲት ልጅ ተነስታ መጣች። የኔን ጉትቻ አድርጋለች፣ ቀዩን፣ ጠርዙ ጥቁር የሆነውን። ያን ጠርዝ ስንት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ቤዛን፣ ይቅርታ፣ የጉትቻዋ ልጅ ነሽ አይደል? አለቻት። አብረው ፎቶ ይነሱ ዘንድ ስልኳን ለኔ ሰጠችኝ።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቆንጆ ወጣ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ራሴን ቀረጽኩ። እማዬ ስልኩን ያዘች፣ አውራ ጣቷ ግማሽ ፊቴን ጋረደ። ድጋሚ። አሁን ደግሞ የጎረቤት አውራ ዶሮ። ድጋሚ። አሁን ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ሆነ። አዲስ ገጽ ከፍቼ ለቀቅኩት። እስከ ምሳ ድረስ ያዩት የአክስቴ ልጅና ቤዛ ናቸው። ቤዛ ቀይ ልብ አስቀመጠችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ

የሷን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ስትስቅ አንገቷን ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ጉትቻው ተወዛውዞ ብርሃን ይይዛል። አታውቀውም፣ ግን በትክክል የዕቃውን ምርጥ ጎን ነው የምታሳየው። ሴቶቹ የኔ ቆንጆ ይሏታል። ወንዶቹም ለእናቴ ልግዛ እያሉ ሰበብ ይፈልጋሉ።

ቅናት ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ አሁን አብረን እንየው። ያናደደኝ ውሸቷ ብቻ ቢሆን ሽፋሽፍቷን ለምን አጉልቼ አያለሁ? ያቺ የካፌዋ ልጅ ወደኔ ዞራ ዓይኗ እንዲበራ ፈልጌያለሁ። ግን ደብተሬ፣ ቀናሁ ማለት ተበደልኩ ማለትን አያጠፋም። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። እየተጋፉ።

እማዬ አይታኛለች። ስልኩን አስቀምጪ አለች። ቅናት ቤት ያፈርሳል፤ የልጅቱን ገድ ደግሞ እንዳታስቀይሚብን።

እንዳታስቀይሚብን! እኔ እኮ ነኝ ልጇ።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

ቤዛ እየሮጠች መጣች። ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም። አንድ ሆቴል ውስጥ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ያላቸው ወ/ሮ ሊያ የሚባሉ ሴት ገጹን አይተው ደውለውላታል። ለገና ሰሞን ሙሉ መደርደሪያ ሊሰጡን ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ። ሐሙስ ሠሪዋ መጥታ እንግዶች ፊት ትስፋ።

ሠሪዋ! ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ቤዛ ትከሻዬን ያዘች። አቅዳዋለች። አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ አወራለሁ። ረዳቴ ናት እላለሁ። አንድ ቀን ናት ሰኒ፣ ምን አላት!

እማዬን አየሁ። ቀና አላለችም። እሺ በያት አለች። ስም እንጀራ አይሆንም አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ወስፌውን በዳበሳ ነው የምታስገባው። መደርደሪያው ከተገኘ የራሷን ስፌት ይዛ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ መዘርጋት ይቀርላታል። ይህን ሁሉ ሳትናገር ነው የነገረችኝ።

እሺ አልኩ።

ይህን ቃል ሰርዤው ነበር። መልሼ ጻፍኩት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ጦ/ኃይሎች። ለጋሽ ነስሩ ዕቃ ላደርስ። መስታወታቸው አጠገብ ዛሬም ይሰቅሉልኛል፣ ሻርፕ የሚለኩ ሴቶች ያዩታል። ፊትሽ ምን ሆኗል አሉኝ። ነገርኳቸው። ሻርፕ እያጠፉ ሳቁ።

"እኔን አታይኝም? የባለቤቴ ወንድም ገዱ ቀና ነው ተባለና ጠዋት ጠዋት ሱቁን እሱ እንዲከፍት አደረግን። አሁን እሱ መርካቶ ባለ ፎቅ ነው፣ እኔ እዚሁ ሻርፕ አጥፋለሁ። ገዱ ለካ ለራሱ ኖሯል!"

አንዲት ደንበኛ ገብታ ዋጋ ተከራከረች። ሸኟት። ከዚያ ሳይስቁ፣ ገደኛ በር ይከፍታል እንጂ ቁልፍ አይሰጠውም ልጄ አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ሳስበው ቆየሁ። ወያላው ፌርማታዬን ሁለቴ ጠርቶ ነው የሰማሁት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ኅዳር ሚካኤል። ጠዋት ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል፣ ቆሻሻ ያልተቃጠለበት በር የለም። ያሰጣሁት ስንደዶ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። እንደዚያው ይዤው ሄድኩ።

ቤዛ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ለኔ ሽርጥ ይዛ መጥታለች። አረንጓዴ ሽርጥ። ትመስያለሽ አለችኝ። ምን? አልጠየቅኩም። እሷ ቆማ፣ እኔ በርጩማ ላይ። ወ/ሮ ሊያ መደርደሪያውን አሳዩን። ዕቃዎቼ ተደርድረዋል፣ መብራት በርቶባቸዋል፣ እንዲህ አምረው አይቻቸው አላውቅም። መሃላቸው ካርድ ቆሟል። የቤዛ ፎቶ። ከሥሩ፦ በቤዛ እጅ የተሰፋ።

ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት እንግዳ፣ እስቲ አጀማመሩን አሳዪኝ አሏት። የስፌት ከባዱ መነሻው ነው፤ መነሻው ካልጠበቀ መጨረሻው ይንጋደዳል። ቤዛ ጥፍሯን ዘርግታ አሳየች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ረዳቴ ታሳይዎታለች አለች።

እጄን ጭኔ ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። አላስቀመጥኩም። ጣቴ ለምዶታል፣ ከኔ ቀድሞ ጀመረ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው እጄን ብቻ ነው የሚያዩት። ማን አስተማረሽ ልጄ? አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።

"እኔ!" አለች ቤዛ።

እናቴን ነው የሰረዘችው። አሁን እኔን ብቻ አይደለም።

ስንወጣ ወ/ሮ ሊያ ቤዛን ክንዷን ይዘው፣ እኔ እየሰማሁ፣ ይቺን ልጅ አጥብቀሽ ያዣት፣ እንዲህ ያለች ረዳት አትገኝም አሏት። ቤዛም አመሰገነች። ሽርጡን አጥፌ ሰጠኋትና ለብቻዬ ታክሲ ያዝኩ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጠዋት ወ/ሮ ሊያ ጋ ደወልኩ። ሠሪዋ እኔ ነኝ፣ ያስተማረችኝም እናቴ ናት አልኳቸው። በትህትና፣ ትናንት ገብቶኝ ነበር አሉ። ገብቷቸው ነበር! ግን ሰው የሚያውቀው የሷን ፊት ነው፣ ካርዱ ታትሟል፣ ገናም ደርሷል፣ ጠባችሁን ወደኔ አታምጡት ልጄ። በዚህ ከተስማማችሁ መደርደሪያው የናንተ ነው። ካልሆነ ሌላ አለኝ።

ነገ ዕቃዬን ልወስድ እመጣለሁ አልኳቸው። ዘግቼ ስዞር እማዬ በሩ ላይ ናት። አበድሽ! አለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ቤዛ ደወለች። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ መጨረሻ ላይ በቀዝቃዛ ድምፅ፣ ቅናት ነው አይደል? አለችኝ።

"አዎ፣ ቅናት ነው። ዕቃው ግን የኔ ነው።"

ቻናሉስ አለች። ያንቺ ነው፣ ያዢው፣ የምትሸጪበት ግን ፈልጊ አልኳት። ወስፌዬን ሳልጠይቃት ዘጋሁት። ይቅር።

መደርደሪያው ሄደ። ነገ እማዬን ምን እንደምላት አላውቅም። ሰኞ ጦ/ኃይሎች ብቻዬን እከፍታለሁ፣ ይዝነብ አይዝነብ። ቅናቱም አልለቀቀኝም፣ አሁንም ገጿን አይቼ ነው የመጣሁት።

ግን ይህን ጻፊልኝ። ማንም ሰው በሠራሁት ነገር ፊት ረዳት ብሎ እንዲጠራኝ አልፈቅድም፤ አንድ ቀንም፣ አንድ ሰዓትም። እናቴ ያስተማረችኝን ሌላ ሴት አስተማርኳት ስትል ሰምቼ ዝም አልልም። በሌላ ሴት ፊትና ስም የሚሸጥ አንድ ጥንድ ጉትቻ እንኳን ከዚህ ቤት አይወጣም፤ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢያበራ፣ ለማንም ብዬ፣ ለእማዬም ብዬ እሺ አልልም።